የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በድሬዳዋ፦ በመድኃኒት ቤት መስኮት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በድሬዳዋ ከተማ በግል መድኃኒት ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚገዛ ሰው ድምፁን ዝቅ አያደርግም። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚፈልግ ግን ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ድረስ የጥርስ ሳሙናና የሕፃናት ቅባት ሲያገላብጥ ይቆያል፤ ከዚያ አራት ቦታ የታጠፈ ማዘዣውን በባንኮኒው ላይ ገፋ ያደርግልኛል። ጥያቄም ካለው በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ የተጠየቀ ጥያቄ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግማሽ መልስ ይዞ ይመለሳል፤ ከኋላ ሌላ ሰው ሲገባ ጠያቂው ጥሎ ይወጣልና። እዚህ የጻፍኳቸው እነዚያ ሳይጨረሱ የቀሩ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ሐኪምን አይተኩም፤ ሐኪሙን ምን ብለው መጠየቅ እንዳለብዎት ግን ያሳዩዎታል።

ያለ ማዘዣ የእንቅልፍ ኪኒን ብትሸጪልኝ ምን አለበት?

ከሁሉ የበዛው ጥያቄ ይህ ነው። የሚፈለገው ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ ዲያዜፓም ነው። ዲያዜፓምና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል በሕግ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች በመሆናቸው ያለ ማዘዣ አይሸጡም። ቁጥጥሩ የመጣው ከመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ዲያዜፓም በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች በእርግጥ ያስተኛል። በተከታታይ ሲወሰድ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰውነት ይለምደዋል፤ ትናንት አንድ ኪኒን ያስተኛው ሰው ዛሬ ሁለት ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆመው ደግሞ ከእንቅልፍ ማጣት አልፎ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል። ከአልኮል ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽን ያዳክማል፤ ሰው ተኝቶ ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከኪኒኑ በስተጀርባ ያለው ነው። ኪኒኑን የሚጠይቀኝን ሰው «እንቅልፍ የሚነሳዎት ምንድን ነው?» ስለው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ እስኪነጋ ጣሪያ የሚያይ፣ የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ፣ ይወደው የነበረ ነገር ሁሉ የሰለቸው ሰው የሚያስፈልገው የእንቅልፍ ኪኒን አይደለም። ይህ የድባቴ ምልክት ነው፤ ድባቴ ደግሞ የራሱ ሕክምና አለው። ዲያዜፓም ለዚህ ሰው ጭሱን ይሸፍንለታል እንጂ እሳቱን አያጠፋለትም።

ጎረቤቴን የረዳት ኪኒን ለእኔስ?

አይሆንም። አሚትሪፕቲሊን ለአንዷ ለድባቴ፣ ለሌላዋ ለነርቭ ሕመም፣ ለሦስተኛዋ ለማይግሬን ይታዘዛል፤ መጠኑም ይለያያል። የልብ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ሊጎዳ ይችላል። ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ይዘው መጥተው «ይህን ስጪኝ ልጄ» የሚሉኝ እናቶች አሉ። ማሸጊያው የማን እንደሆነ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የእህት ወይም የጎረቤት ሆኖ አገኘዋለሁ።

የአእምሮ መድኃኒት ሁሉ ሱስ ያስይዛል ይባላል። እውነት ነው?

ሁሉም አይደለም። ሱስ የማስያዝ ጠባይ ያላቸው ዲያዜፓምና የእርሱ ዘመዶች ናቸው። ለድባቴና ለጭንቀት የሚሰጡት ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ሐራራ አያስይዙም። ሰው አምሮት መጠን እየጨመረ አይወስዳቸውም፤ እንዲያውም የእኛ ችግር ሰው ቶሎ መጣሉ ነው። በድንገት ማቆም ግን በእነዚህም ቢሆን ጣጣ አለው፦ ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መረበሽ፣ ከዚያም የሕመሙ መመለስ። ሰውነት አንድን ነገር ለምዶት ቀስ ተብሎ እንዲቀነስለት መፈለጉና ሱስ የተለያዩ ናቸው።

መቼ ይሻለኛል? ሲሻለኝስ ማቆም እችላለሁ?

የድባቴ መድኃኒት ውጤቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ክፋቱ ምንድን ነው፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል፤ ጥቅሙ ደግሞ ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ብዙ ሰው አፉ ደርቆና ሆዱ ታውኮ ሳለ፣ ገና ለውጥ ሳያይ፣ በአሥረኛው ቀን ይጥለዋል። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ ይታገሥ ነበር። እኔ መድኃኒቱን ሳስረክብ ከዋጋው በፊት የምናገረው ይህንን ነው።

ከተሻለ በኋላም መድኃኒቱ ወዲያው አይቆምም። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያዎች ያዘጋጀው መመሪያ ድባቴ ከለቀቀ በኋላ ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ መስማት ወይም ከእውነታ የራቀ ጥርጣሬ) ከተስተካከለ በኋላ ቢያንስ 12 ወር፣ ባይፖላር (ስሜት ከልክ ባለፈ ደስታና በድባቴ መካከል የሚመላለስበት ሕመም) ደግሞ ከመጨረሻው ሕመም በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት ሕክምናው እንዲቀጥል ይመክራል። ሕመሙ እየተመላለሰ ለሚይዘው ሰው ጊዜው ከዚህም ይረዝማል።

አንድ ወጣት ግማሹን ያልወሰደው ኪኒን በፌስታል ይዞ መጥቶ «ተሽሎኛል፤ ለሌላ ሰው ስጪልኝ» አለኝ። ፊቱ በርቶ ነበር። ለምን እንደተሻለው ስጠይቀው ሳቀና «መድኃኒቱን ስለወሰድኩ» አለ። ከዚያ ራሱ ዝም አለ፤ ፌስታሉንም ይዞ ተመለሰ። ሁሉም ግን እንደ እርሱ ራሱን የሚሰማበት ጊዜ አያገኝም።

የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎችም በአገራችን ብዙ ጊዜ ክትትላቸው በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። ለእነርሱ ፌኖባርቢታልን በአንድ ቀን ማቆም ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላልና።

መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ አንገቱ ተጣመመ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ቀረ። ጂኒ ነው ወይስ መድኃኒቱ?

መድኃኒቱ ነው፤ መፍትሔም አለው። ይህን ጥያቄ በሰፊው የምመልሰው ባየሁት ምክንያት ነው። አንድ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ከተማው በሙቀት ጭልጥ ባለበት ሰዓት፣ ሁለት ወንድማማቾች ሦስተኛውን በባጃጅ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። የልጁ አንገት ወደ ግራ ትከሻው ተጠምዝዟል፤ ዓይኖቹ ወደ ጣሪያ ተሰቅለው ነጫቸው ብቻ ይታያል፤ ምላሱ ወፍሮ ቃል አይወጣውም። የቆሙት ውኃ ሊገዙ ነበር፤ መንገዳቸው ወደ አንድ ሼህ ዘንድ ነው። «ምን መድኃኒት ይወስዳል?» አልኳቸው። ታናሽየው ከኪሱ ሃሎፔሪዶል አወጣ፤ ከተጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

ይህ ሁኔታ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። ሃሎፔሪዶልና መሰሎቹ በተጀመሩባቸው የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ የጡንቻ መኮማተር ያመጣሉ። ሲያዩት ያስፈራል፤ ነገር ግን ድንገተኛ ክፍል በሚሰጥ መርፌ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ወደ ድንገተኛ ክፍል ላክኋቸው፤ ልጁን ማታውኑ በእግሩ ሲሄድ አየሁት። ያኔ ማንም ባይጠይቃቸው ኖሮ ቤተሰቡ «መድኃኒቱ ጂኒውን አስቆጣው» ብሎ ያምን ነበር፤ ልጁም ዳግመኛ ኪኒን ባልነካ። ጥፋቱ የቤተሰቡ አልነበረም። መድኃኒቱን የሰጠ ባለሙያ «አንገቱ ቢጣመም ወዲያው አምጡት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሮ ቢሆን ይበቃ ነበር።

ቀስ ብለው የሚመጡም አሉ። እጅ መንቀጥቀጥ፣ እንደ እንጨት መድረቅ፣ ለሃጭ መብዛት ሲታይ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፤ ወይም ይህን የሚያስታግሰውን ትራይሄክሲፌኒዲል ይጨምራል። ሌላው ቁጭ ማለት አለመቻል ነው፦ ሰውየው ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ በክፍሉ ውስጥ ይመላለሳል፣ እግሩ አያርፍም። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ሕመሙ ባሰበት» ብሎ ኪኒኑን ይጨምርለታል፤ በጨመሩት ቁጥር መረበሹ ይብሳል። እባክዎ በራስዎ አይጨምሩ። ከፍተኛ ትኩሳት፣ የጡንቻ እንደ እንጨት መድረቅና መደናገር አንድ ላይ ከመጡ ግን ነገ የሚባል ነገር የለም፤ መድኃኒቱን አቁመው በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ኦላንዛፒን የሚወስድ ሰው ክብደቱ ሊጨምር፣ የደም ስኳሩም ከፍ ሊል ስለሚችል በየጊዜው ይለካ።

የድሬ ሙቀት ከመድኃኒቱ ጋር ያገናኘዋል?

በጣም ያገናኘዋል፤ ግን ሲነገር አልሰማም። ሰውነታችን በሙቀት ጊዜ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው። ክሎርፕሮማዚን፣ አሚትሪፕቲሊንና ትራይሄክሲፌኒዲል ላብን ይቀንሳሉ፤ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ደግሞ በአንጎል ውስጥ ሙቀትን የሚያስተካክለውን ሥርዓት ያውካሉ። ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ብዙም ላይታወቀው ይችላል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ በሚያልፍባት ከተማችን፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሚውል ወይም ፀሐይ ላይ ጭነት ለሚያወርድ ሰው ግን አደጋ ነው። ቆዳው ደርቆ የጋለ፣ የተደናገረ፣ የሚንገዳገድ ሰው ካዩ ወደ ጥላ ያስገቡት፣ ልብሱን በውኃ ያርጥቡ፣ ያራግቡለት፣ ወደ ሐኪም ያድርሱት።

ክሎርፕሮማዚን በዚያ ላይ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። ፊቱና ክንዱ ቶሎ ይቃጠላል። ረጅም እጅጌ፣ ነጠላ ወይም ሽርጥ በራስ ላይ ጣል ማድረግ፣ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፀሐይ መራቅ ዋጋ የማያስከፍል መከላከያ ነው።

ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ከሁሉ በላይ ይጠንቀቅ። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጣ ሊቲየም በደም ውስጥ ይከማቻል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዘው፣ እጁ ክፉኛ ሲንቀጠቀጥ፣ አንደበቱ ሲኮላተፍ፣ እንደ ሰከረ ሲንገዳገድ መድኃኒቱን ይዞ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። የደም ምርመራ ሳይደረግ የሚወሰድ ሊቲየም ዓይን ተጨፍኖ እንደመንዳት ነው።

ኪኒኖቹም ሙቀት አይወዱም። መስኮት ላይ፣ ቴሌቪዥን ላይ ወይም በባጃጅ ውስጥ አያስቀምጧቸው፤ ከቤትዎ ሁሉ ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ጥግ ይፈልጉላቸው።

ጫት እየቃምኩ መድኃኒቱን ብወስድ ይሠራል?

በሐረርና በድሬዳዋ ይህን ጥያቄ ያላነሣ ስለ አእምሮ ጤና ተናግሯል ማለት አይቻልም። በርጫ ለብዙዎች የጓደኝነት፣ የወሬና የሥራ ማረፊያ ነው፤ ዱዓ የሚደረግበትም ነው። ሰውን በጫቱ ማሸማቀቅ ምንም እንዳልጠቀመ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው ጫቱን አይተውም፤ ለሐኪሙ ግን መዋሸት ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር እንዲለቀቅ ያደርጋል። ለሳይኮሲስ የሚሰጡት መድኃኒቶች ደግሞ የሚሠሩት የዚህንኑ ዶፓሚን በር በመዝጋት ነው። ማታ የተዘጋውን በር ከሰዓት በኋላ በርጫው ላይ መክፈት ማለት ነው። በዚያ ላይ ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደ ሕመም ሊገፋው ይችላል። ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል፤ አልኮል አለዚያም ዲያዜፓም፣ ሲከፋ ሁለቱም።

ድምፅ መስማት ወይም «ይከታተሉኛል» የሚል ጥርጣሬ ያለበት ሰው ጫትን ሙሉ በሙሉ ቢተው ይሻለዋል። በአንድ ጊዜ መተው ያልቻለ ሰው ደግሞ ከእነዚህ ይጀምር፦ ኢጀባናውን (ጠዋት የሚቃመውን) ይተው፣ በርጫውን ከቀኑ 11 ሰዓት አያሳልፍ፣ የሚቅመውን ይቀንስ። ከሁሉ በላይ «ዛሬ ስለቃምኩ ኪኒኔን አልወስድም» አይበል። ብዙ ሰው ሁለቱ ይጣላሉ ብሎ የሚተወው መድኃኒቱን ነው፤ በዚያ ቀን ደግሞ ከሌላው ቀን ይልቅ ያስፈልገዋል።

ጫት ሲያቆሙ የሚመጣው ዱካክ (የሌሊት ቅዠት)፣ ድካምና መነጫነጭ በአብዛኛው ያልፋል። ቅዠቱን የሕመሙ መመለስ ነው ብለው አይደንግጡ፤ ግን ሳምንታት ቢያልፉት ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ሲጋራም ድርሻ አለው። ጭሱ ጉበታችን ኦላንዛፒንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ማጨስ ሲጀምሩም ሲያቆሙም የመድኃኒቱ መጠን መታየት አለበት።

በረመዳንና በጾም ወራት እንዴት ልውሰድ?

በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ችግሩ ቀላል ነው፤ ብዙዎቹ በማታ ስለሚወሰዱ ከኢፍጣር በኋላ ይደረጋል። ሁለት ጊዜ የሚወሰደው በኢፍጣርና በሱሁር ሊከፈል ይችላል። ሦስት ጊዜ ከሆነ ረመዳን ከመግባቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ የሚለወጥበት መንገድ ይኖራል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው በዚህ ሙቀት ከንጋት እስከ መግሪብ ውኃ ሳይቀምስ መዋሉ አደገኛ ነው። እስልምና ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል፤ ይህን ከሼህዎ ጋር መነጋገር ድክመት አይደለም።

በኦርቶዶክስ ጾምም እንዲሁ ነው፤ ቀኑን ጹመው ማታ መድኃኒትዎን ይውሰዱ። ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ በእግር የሚጓዝ ታማሚ የጉዞውን ቀናት ቆጥሮ ኪኒኑን ይዞ ይሂድ። ጠበል ስጠመቅ መድኃኒቱን ልተው ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ጠበሉንም መድኃኒቱንም ይውሰዱ እላለሁ። ጠበል የሚጠመቅ የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን አይጥልም።

መድኃኒት አልወስድም ይለኛል። በሻዩ ውስጥ ደብቄ ልስጠው?

ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ ግን አያድርጉት። ሻዩን ሲቀምስ ያውቃል፤ ያወቀ ዕለት በመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን በእርስዎ ምግብ ላይም እምነት ያጣል። ቀድሞውንም «ሊመርዙኝ ነው» ለሚል ሰው ጥርጣሬው እውነት ሆነለት ማለት ነው። በተጨማሪም ለሚጥል በሽታና ለባይፖላር የሚሰጠውን ቫልፕሮኤትን የመሳሰሉ አንዳንድ ኪኒኖች መፈጨት የለባቸውም። ሐኪሙን ስለ መርፌ ይጠይቁ። ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት የተባለው መርፌ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይሰጣል፤ በየቀኑ ከሚደረገው ጭቅጭቅ ሁለታችሁንም ያሳርፋል። ለምን እምቢ እንዳለም ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ መልሱ «አልታመምኩም» ሳይሆን «ያደነዝዘኛል» ነው፤ ይህ ደግሞ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

ባረግዝስ?

ቫልፕሮኤት በፅንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር ላይ ጉዳት ስለሚያደርስ መውለድ ለምትችል ሴት ሌላ አማራጭ ቢፈለግ ይሻላል። ቀድሞ ተጀምሮ ከሆነ በራስሽ አታቁሚው፤ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ለተመሳሳይ ሕመሞች የሚሰጠው ካርባማዜፒን የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንን፣ በክንድ የሚቀበረውንም ያዳክማል። ይህን ሳይነገራቸው ያረገዙ እህቶች አሉ።

ከተማችን ሆስፒታል አላት። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ለምን ሳይታከም ይቀራል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ከ8 ሰዎች አንዱ የአእምሮ ሕመም ነበረበት። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከ76 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት ጥናት ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ምንም ሕክምና አላገኙም ነበር። እንዲህ ያለውን ቁጥር ሰው ሲሰማ የሚያስበው ገጠሩን ነው። እኔ ግን ከተማው መሐል ሆኜ አየዋለሁ።

ከእነዚያ ሰዎች አንዱን ያወቅሁት በጎዝ ነው። አንዲት እናት በየሳምንቱ ጎዝና የቁስል ቅባት ይገዙ ነበር። ስኳር ያለባቸው መስሎኝ ቁስሉ የት እንደሆነ ስጠይቅ «የልጄ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ» አሉ። በሌላው ሳምንት ሌላኛው ቁርጭምጭሚት። በሦስተኛው ሳምንት ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው «ሰንሰለቱ እየላጠው ነው» አሉኝ። ልጁ ሃያዎቹ ውስጥ ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ በጓሮ ክፍል ታስሯል። ሆስፒታሉ ከቤታቸው በባጃጅ የደቂቃዎች መንገድ ነው። እናትየው ክፉ አልነበሩም፤ ቁስሉን በየቀኑ የሚያጥቡለት እርሳቸው ናቸው። ያሰሩት ሌሊት እየወጣ በባቡር ሐዲዱ ስለሚሄድ እንዳይሞትባቸው ነው። «ሐኪም ቤት ብወስደው ሰፈር ያውቃል፤ እህቶቹን ማን ያገባቸዋል?» ብለው ነበር።

ኀፍረት የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ድሬዳዋ ላይ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ሐረር ላይ ሐረሪም ይጨመራል። የእግር ስብራት በምልክት ይገለጻል፤ የሚሰማን ድምፅ ወይም የመኖር ፍላጎት ማጣትን ግን በራስ ቋንቋ ካልሆነ መናገር ከባድ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም አይቻለሁ። የትኛዋ እናት ነች በልጇ አፍ «መሞት እፈልጋለሁ» የምትለው?

ሦስተኛው የባለሙያ ጉዳይ ነው። ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዛሬም ከዋና ከተማው ውጪ አብዛኛውን ሸክም የተሸከሙት የሳይካትሪ ነርሶች ናቸው። በአንድ ጠዋት በር ላይ የሚሰለፈውን ሰው ብዛት ያየ ለምን ምክር ሳይሰጥ ማዘዣ ብቻ እንደሚጻፍ ይገባዋል። ይገባዋል እንጂ ልክ ነው አይልም። ኪኒን ከንግግር ጋር ካልሄደ በፌስታል ተመልሶ ይመጣል።

የት ልሂድ? ምንስ ይዤ?

በድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ በሐረር ሕይወት ፋና እና ጁገል ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ከሆስፒታል በፊት በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ጣቢያ ይጠይቁ፤ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ የማውረድ ሥራ በአገር አቀፍ ደረጃ ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። የጤና መድን ደብተር ካለዎት ሪፈሩን ከዚያ ያስጽፉ፤ አለዚያ ወጪው ወደ እርስዎ ይዞራል። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱ፤ የባህል መድኃኒትም ቢሆን። ሕመምተኛውን የሚያውቅና ቋንቋውን የሚናገር አዋቂ ሰው አብሮ ይሂድ።

«መኖር ሰለቸኝ» የሚለኝን ሰው ምን ላድርገው?

በቀጥታ ይጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ጥያቄው ሐሳቡን በጭንቅላቱ ውስጥ አያስገባም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እፎይታ ይሰጣል። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት። ኪኒኖችን፣ የተባይ ማጥፊያን፣ ገመድን ከአጠገቡ ያርቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ሲወሰድ ልብን ስለሚጎዳ እንዲህ ባለ ጊዜ የአንድ ሳምንት ብቻ ይግዙ፤ ኪኒኑም በቤተሰብ እጅ ይቀመጥ። እኔ የወር መድኃኒት ታዞ ቤተሰቡ በሳምንት እየከፋፈልኩ እንድሰጥ ሲጠይቀኝ በደስታ አደርገዋለሁ።

የታዘዘልኝ መድኃኒት ከከተማው ጠፋ። ምን ላድርግ?

ይህ በየጊዜው ያጋጥማል። መጀመሪያ የሆስፒታሉን መድኃኒት ቤት ይጠይቁ፤ ዋጋው ከግሉ ያነሰ ነው። ከዚያ እኛን፣ የግሎቹን። ሐረር በመኪና የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ያህል ስለሆነ ዘመድ ካለዎት ያስጠይቁ። ባይገኝም «እስኪመጣ ልጠብቅ» ብለው አይቀመጡ፤ ወደ ሐኪሙ ይመለሱና በሌላ ይተካልዎ። ሃሎፔሪዶል፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉኦክሰቲን ርካሽና የቆዩ ስለሆኑ ብቻ የተናቁ መድኃኒቶች አይደሉም፤ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ከሚላቸው መካከል ናቸው። ውድ የሆነውን አዲስ መድኃኒት አንድ ወር ገዝቶ ሁለት ወር ከማቋረጥ በየወሩ የሚገዙት ይሻላል፤ ይህንንም ለሐኪሙ ሳይፈሩ «አቅሜ ይህን ያህል ነው» ብለው ይንገሩት።

መምጫዎ ኪኒኑ ያለቀ ቀን አይሁን። የአሥር ቀን ሲቀርዎት ይምጡ፤ ከሌለኝ በእነዚያ አሥር ቀናት ስልክ እየደወልኩ እፈልግልዎታለሁ። ጎዝ ይገዙ የነበሩት እናት አሁን እንደዚያ ያደርጋሉ፤ የአሥር ቀን ሲቀር ማሸጊያውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ።